እንግዳው ሳይነሣ ዳስ ማፍረስ፦ ከርነል ሲዘጋ ስለሚፈጠሩ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የመድኃኒት መጋዘን የሠራሁት የሙቀት መከታተያ ቦርድ መብራት በሄደበት ሌሊት ሳይጠፋም ሳይሠራም አደረ። ቦርዱ በሊኑክስ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሙቀት በየ2 ሰከንዱ ከሴንሰር ያነብባል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል፤ ባትሪው ሲዳከም ደግሞ የያዘውን መዝገብ ወደ ማከማቻው ጽፎ በሥርዓት እንዲዘጋ፣ መብራት ሲመለስም ራሱ እንዲነሣ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። በዚያ ሌሊት መዘጋት ጀመረ፤ አልጨረሰም። መብራቱ ቆይቶ ቢመለስም በግማሽ ተዘግቶ የቆመውን ቦርድ የሚያስነሣው ነገር አልነበረም። ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ደውለው «ልጄ፣ ሳጥኑ መብራቱ ይበራል፤ ግን ዝም ብሏል» አሉኝ። የ6 ሰዓት የሙቀት መዝገብ ጎድሎ ነበር። በሩ ተዘግቶ ስለቆየ ክፍሉ ብዙ እንዳልሞቀ ሁላችንም ብናምንም እምነታችንን የሚደግፍ አንድም ቁጥር በእጃችን አልነበረም፤ የመድኃኒት መጋዘን ደግሞ ያለ ቁጥር ማንንም ማሳመን አይችልም።

ጥፋቱ እኔ በጻፍኩት ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከሴንሰሩ ጋር በሚያነጋግረው ኮድ ውስጥ ነበር። እስካስተካክለው ድረስ ሁለት ወር ገደማ ወስዶብኛል፤ በመካከሉም ጨረስኩ ብዬ ተሳስቻለሁ። መንገዱን በዝርዝር የምጽፈው ከርነል (መሣሪያዎችንና ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ እምብርት) ላይ የሚሠሩ፣ ወይም ለመሥራት የሚዘጋጁ ወገኖቼ ስለ ማስነሣት ብዙ የሚነበብ ሲያገኙ ስለ መዝጋት ግን የሚያገኙት ጥቂት መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ከርነል ሲነሣ መጀመሪያ ላይ የሚሠራው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚቀሰቀሱት ቆየት ብለው ነው። ድራይቨርም ሲጀምር ሜሞሪውን ይጠይቃል፣ ሎኮቹን (አንዱ የያዘውን ሌላው እንዳይነካ የሚከለክሉትን ቁልፎች) ያሰናዳል፣ መሣሪያውን ያዘጋጃል፤ ኢንተረፕቱን (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) የሚከፍተውና ራሱን ለሌላው የሚያሳየው ሁሉም ከተሟላ በኋላ ነው። ሲዘጋ ግን ሁሉም እቤት ነው። ታይመሮች ይቆጥራሉ፣ ኢንተረፕቶች ይመጣሉ፣ በወረፋ የተያዙ ሥራዎች በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ይሮጣሉ፤ የሚዘጋው ኮድ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ጋር እኩል እየሮጠ የቆሙበትን መሬት ሊያነሣ ይሞክራል። ድግስ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዳስ ሲጣል ግቢው ባዶ ስለሆነ ምሰሶ የሚተክለውም ሸራ የሚወጥረውም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ዳስ ሲፈርስ ግን በመጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ አዲስ መጪውን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የተቀመጡት በልተው እስኪነሡ ይጠበቃል፤ ምሰሶው የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሸራው እንግዳ ላይ ይወርዳል። ሬስ ኮንዲሽን የምንለው፣ ማለትም ውጤቱ ከሁለት ሯጮች ማን ቀድሞ በመድረሱ ላይ የሚወሰን ስህተት፣ በመዝጊያ ኮድ ውስጥ ሲገኝ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሊኑክስ እንዲዘጋ ሲታዘዝ ጥያቄው ሪቡት በተባለው የሲስተም ጥሪ በኩል ወደ ከርነሉ ይገባል። ጥሪው በስህተት እንዳይፈጸም ሁለት የተወሰኑ ቁጥሮች አብረው መቅረብ አለባቸው፤ ለሁለተኛው ቦታ ከተፈቀዱት አንዱ 672274793 ሲሆን በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፍ 28121969 ይሆናል፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1969 ነውና። ለዚያው ቦታ የተፈቀዱት ሌሎች ቁጥሮች ደግሞ የሴት ልጆቹ የልደት ቀኖች ናቸው። ቁጥሮቹ ከተረጋገጡ በኋላ ከርነሉ መዘጋቱን ማወቅ ለሚፈልጉ ክፍሎች ያስታውቅና ዲቫይስ ሸትዳውን የተባለውን ፈንክሽን ይጠራል። ይህ ፈንክሽን የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከኋላ ወደ ፊት ይሄድበታል፤ በመጨረሻ የተመዘገበው ቀድሞ ይዘጋል፤ በዚህም ሴንሰሩ ከተሰካበት ባስ (መረጃ ከሚያልፍበት የጋራ መስመር) በፊት፣ ባሱም ከሚያዝበት ክፍል በፊት ተራው ይደርሰዋል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል፤ እኔንም ከዓመታት ልምድ በኋላ አሳስቶኛል። ከርነሉ በዚህ ሰዓት የሚጠራው የድራይቨሩን የመዝጊያ ፈንክሽን እንጂ ድራይቨሩ ሲነቀል የሚጠራውን የመንቀያ ፈንክሽን አይደለም። ድራይቨሩ የመዝጊያ ፈንክሽን ከሌለው ከርነሉ ቅሬታ ሳያሰማ ያልፈዋል፤ መሣሪያውም ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ይቀጥላል።

የእኔ ድራይቨር የመዝጊያ ፈንክሽን አልነበረውም።

ይህን ያወቅሁት ቦርዱን ቤት አምጥቼ፣ በሰሪያል ኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ፣ ኢኒትኮል ዲበግ የተባለውን የማስነሻ አማራጭ ካበራሁ በኋላ ነው። አማራጩ ሲበራ ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ ሲዘጋ ስሙን ይጽፋል። ሰሪያል ኬብል ያስፈለገው ደግሞ በዚያ ሰዓት ኔትወርኩም፣ መልእክቱን ወደ ማከማቻ የሚጽፈው ፕሮግራምም ስለሞቱ ነው፤ የመዝጊያ ስህተት ምስክሮቹን ሁሉ አስወጥቶ ነው የሚፈጸመው። ቦርዱ በተንጠለጠለ ጊዜ የመጨረሻው መስመር የባሱን ተቆጣጣሪ ስም ያሳይና ዝም ይላል። ከ120 ሰከንድ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ የቀሩ ሥራዎችን የሚከታተለው የከርነሉ ጠባቂ ሪፖርቱን አወጣ። ሁለት ተጠባባቂዎች ነበሩ። አንደኛው የእኔ የንባብ ሥራ ነው፤ የባሱን ሎክ ይዞ ሴንሰሩን «ለካ» ብሎ አዝዞ «ዝግጁ» የሚለውን ኢንተረፕት ይጠብቃል፤ ጥበቃውም የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለተኛው ራሱ የመዝጊያው ሂደት ነው፤ ባሱን ለመዝጋት ያንኑ ሎክ ይጠብቃል። ኢንተረፕቱን የሚያስተላልፈው ቺፕ ግን በተራው ቀድሞ ተዘግቷል፤ ስለዚህ «ዝግጁ» የሚለው ቃል እስከ ወዲያኛው አይመጣም። ከርነሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቋል፤ በሰልፉ ውስጥ ተራዋ ሲደርስ መልስ ያልሰጠችው የእኔ ሴንሰር ናት።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። የመንቀያው ፈንክሽን ታይመሩን ይሰርዛል፣ የተያዘውን ሥራ ይሰርዛል፣ ኢንተረፕቱን ይመልሳል፣ ሜሞሪውን ይለቅቃል፤ እንግዲያው በመዝጊያ ሰዓትም እሱው ይጠራ አልኩ። መንጠልጠሉ ጠፋ። በምትኩ ከ40 ጊዜ ገደማ አንዱን ቦርዱ እየተዘጋ ሳለ ከርነሉ ራሱ ይወድቅ ጀመር፤ ከወደቀ በኋላም እንዲነሣ ስላልታዘዘ በዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ለመጋዘኑ ሰዎች በመጀመሪያው ስህተትና በዚህ መካከል ምንም ልዩነት የለም።

በሰሪያል ኬብሉ ላይ የወጣውን የውድቀት ሪፖርት አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ከፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች (በውስጡ ካሉት ትናንሽ የቁጥር መያዣዎች) አንዱ ከዳር እስከ ዳር 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ እያለ ይሄዳል። ይህን ሲያዩ ሌላውን መስመር ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ የሜሞሪ መፈተሻው ሲበራ ከርነሉ የተለቀቀን ሜሞሪ በዚህ ባይት ይሞላዋል፤ ባይቱ በአድራሻ ቦታ ከተገኘ አንድ ሰው ከፈረሰ ቤት ዕቃ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ፈላጊው የእኔ ታይመር ነበር። ከመሰረዝ እንዴት ተረፈ የሚለውን ለመመለስ ሁለቱን ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ታይመሩ በየ2 ሰከንዱ ሲደወል የንባብ ሥራውን ወረፋ ያስይዛል፤ የንባብ ሥራው 50 ሚሊሰከንድ ያህል ወስዶ ሲያበቃ ታይመሩን እንደገና ይሞላዋል። አሁን አንደኛው ፕሮሰሰር መዝጊያው ውስጥ ገብቶ ታይመሩን ሲሰርዝ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ንባቡ መሃል ላይ ነው እንበል። ታይመሩ ተሰረዘ። አንደኛው ፕሮሰሰር ቀጥሎ የንባብ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሥራው ግን ከማለቁ በፊት በመጨረሻው መስመሩ ታይመሩን ሞልቶ ነው የሚሄደው። ሜሞሪው ይለቀቃል፤ ከ2 ሰከንድ በኋላ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ገና እየተዘጉ ሳለ፣ ታይመሩ ይደወላል። ከ40 አንድ የሚለው ቁጥርም ራሱን ገለጠልኝ፤ በየ2 ሰከንዱ ለ50 ሚሊሰከንድ የሚከፈት በር ድንገት የመጣን ሰው የሚያስገባው ከ40 ጊዜ አንዱን ነው።

እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የሚቆጨኝን ነገር ያደረግሁት። «እየተዘጋ ነው» የሚል ምልክት ጨመርኩ፤ የንባብ ሥራው ሲጀምር ምልክቱን ያይና ከተነሣ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። ምልክቱ ከመነሣቱ በፊት የጀመረ ንባብ ደግሞ ጨርሶ እንዲወጣ ኤምስሊፕ በተባለው ፈንክሽን 60 ሚሊሰከንድ አስተኝቼ፣ ከዚያ ታይመሩን ሰረዝኩ። ንባብ 50 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ 60 ይበቃል የሚል ስሌት ነው። ቦርዱን 40 ጊዜ አስነሥቼ ዘጋሁት፤ አንድም ጊዜ አልወደቀም፤ ወደ መጋዘኑ መለስኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ወደቀ። ባሱ ላይ ረብሻ ሲኖር ድራይቨሩ ንባቡን እስከ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ያን ጊዜ 50 የነበረው 150 ይሆናል፤ 60 ሚሊሰከንድ የተኛው መዝጊያ ቀድሞ ይነቃል።

የ40ው ሙከራም ቢሆን ሙከራ አልነበረም። በእያንዳንዱ ጊዜ የመውደቅ ዕድሉ ከ40 አንድ የሆነ ስህተት ምንም ሳይነካ ተትቶ 40 ጊዜ ቢሞከር፣ አንድም ጊዜ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 36 በመቶ ነው። በ120 ሙከራ ይህ ዕድል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ በ300 ሙከራ ከ2000 አንድ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስሌት አስቀድሞ በወረቀት ላይ መሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ያደረግሁት ቦርዱ ከወደቀ በኋላ ነው።

ታዲያ ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? መጀመሪያ ሥራውን፣ ከዚያ ታይመሩን ብንሰርዝ፣ በሁለቱ መካከል ታይመሩ ሊደወልና ሥራውን እንደገና ወረፋ ሊያስይዝ ይችላል። ታይመሩ ሥራውን ይወልዳል፣ ሥራው ታይመሩን ይወልዳል፤ ከየትኛው ቢጀመር ክበቡ አይቆረጥም። ታይመር፣ ሥራ፣ እንደገና ታይመር እያሉ መሰረዝ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን 2 ሰከንድ ረጅም ስለሆነ ብቻ ነው፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ንባቡ ይፍጠን ብሎ 2 ሰከንዱን ወደ 5 ሚሊሰከንድ ቢያወርደው በዝምታ ይፈርሳል። ይህ የእኔ ድራይቨር ብቻ ችግር አልነበረም። ታይመር የሚሰርዘው የቆየው ፈንክሽን መግለጫ ራሱ ታይመሩ ዳግም እንዳይሞላ የመከላከሉ ኃላፊነት የጠሪው መሆኑን ያስጠነቅቃል፤ በየድራይቨሩ ግን ይህ ኃላፊነት ይረሳ ነበር። ስለዚህ የከርነሉ ገንቢዎች ቶማስ ግላይክስነርና ስቲቨን ሮስተድ የሠሩት ታይመር ሸትዳውን ሲንክ የተባለ ፈንክሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በወጣው 6.2 ከርነል ውስጥ ገባ። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ እየሮጠ ያለውን የታይመር ጥሪ ይጠብቃል፣ ከዚያ ታይመሩ ሲደወል የሚጠራውን ፈንክሽን አድራሻ ባዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ታይመሩን ሊሞላ የመጣ ሁሉ ያለ ምንም ስህተት ዝም ብሎ ይመለሳል። በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ይኸው ነው። የእኔ ቦርድ 6.6 ከርነል ላይ ስለነበር ፈንክሽኑ በእጄ ነበር፤ አሮጌውን አሠራር ከሌላ ድራይቨር ስለገለበጥኩ አላየሁትም።

አዲሱን ቅደም ተከተል ስጽፍ ሌላ ጉድጓድ አገኘሁ። ሙቀቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ሴንሰሩ ራሱ ኢንተረፕት ይልክና ሥራውን ወረፋ ያስይዛል፤ ስለዚህ ኢንተረፕቱም እንደ ታይመሩ አዲስ እንግዳ የሚያስገባ በር ስለሆነ ከሥራው በፊት መዘጋት አለበት። ኢንተረፕቱን የሚመልሰው ፈንክሽን እየሮጠ ያለው ጥሪ እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ በዚያ በኩል አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ኢንተረፕቱ ከተዘጋ መሃል ላይ ያለው ንባብ የሚጠብቀው «ዝግጁ» የሚለው ምልክትም አብሮ ይቀራል፤ ሥራው እስኪያልቅ የሚጠብቀው መዝጊያም ለዘላለም ይቆማል፤ የመጀመሪያው መንጠልጠል በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ጥበቃው የ200 ሚሊሰከንድ ገደብ ተሰጠው፤ ገደቡ ካለፈ ንባቡ «አልተሳካም» ብሎ ሎኩን ለቅቆ ይወጣል። ከዚህ የጊዜ ቁጥርና ከቀድሞው 60 ሚሊሰከንድ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል፤ 200ው ቢያንስም ቢበዛም የሚለወጠው የመዝጊያው ፍጥነት ነው፤ 60ው ግን ቢያንስ ሜሞሪ ይበላሻል።

የመጨረሻውን ስህተት ያገኘልኝ ሎክዴፕ ነው። ሎክዴፕን የከርነሉ ገንቢ ኢንጎ ሞልናር ጽፎት እ.ኤ.አ. በ2006 በ2.6.18 ከርነል ውስጥ የገባ ሲሆን ሎኮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚያዙ እየመዘገበ፣ ሁለት ሯጮች አንዱ የሌላውን ሊጠብቅበት የሚችል ክበብ ካየ ውድቀቱ ባይደርስም እንኳ ያሳውቃል። እኔ የድራይቨሩን ሎክ እንደያዝኩ የንባብ ሥራው እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ለማለቅ ያንኑ ሎክ ይፈልጋል። በጠረጴዛዬ ላይ አንድም ጊዜ አልተጋጩም ነበር፤ ሎክዴፕ ግን በመጀመሪያው ማስነሣት ላይ ነገረኝ። የልማት ከርነላቸው ላይ ሎክዴፕን ሳያበሩ ድራይቨር የሚጽፉ ባልደረቦቼን ዛሬም እለምናቸዋለሁ።

ማረጋገጫው ላይ መዘግየትን በትክክለኛ ቦታው ተጠቀምኩበት። በንባብ ሥራው ውስጥ፣ ታይመሩ ከሚሞላበት መስመር በፊት፣ የ5 ሰከንድ እንቅልፍ አስገባሁ፤ 50 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚከፈተው በር አሁን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆነ። አሮጌው ኮድ፣ ምልክቱና ኤምስሊፑ ያለበት ጭምር፣ ከ10 ማስነሣት 7 ያህሉን ወደቀ። አዲሱ አልወደቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 በ5.8 ከርነል ውስጥ የገባው ኬሲሳን የተባለው መፈተሻም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱን ሯጭ ሜሞሪ ሊነካ ሲል ለአፍታ ያዘገየውና በዚያ አፍታ ሌላ ሯጭ ያንኑ ቦታ ይነካ እንደሆነ ይመለከታል።

«ይህ በተግባር አይደርስም» የሚለው መልስ ከርነል ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ደርቲ ካው የተባለውን ቀዳዳ ማስታወስ ይበቃል። ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 2.6.22 ጀምሮ ለጥቃት ክፍት የነበረ፣ በሜሞሪ አያያዙ ላይ የሚደርስ ሬስ ኮንዲሽን ሲሆን ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል እንዲለውጥ ያስችለው ነበር፤ የተዘጋው በኦክቶበር 2016 ነው። ቶርቫልድስ ማስተካከያውን ሲያስገባ በጻፈው ማስታወሻ፣ ይህን ስህተት ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ለማስተካከል ሞክሮ በሚገባ እንዳላስተካከለው፣ በዚያን ጊዜ በሐሳብ ብቻ የነበረው እሽቅድምድምም የሜሞሪ ሥርዓቱ እያደገ ሲሄድ ለመከሰት ቀላል እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል። ማስታወሻውን ባነበብኩ ቁጥር አከብረዋለሁ።

የ5 ሰከንዱን እንቅልፍ አውጥቼ ቦርዱን ማታ 300 ጊዜ እንዲነሣና እንዲዘጋ አዝዤ ተኛሁ። አንዱ ዙር 50 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ሥራው ከአራት ሰዓት በላይ ወሰደ። ጠዋት የሰሪያል መዝገቡን ስቆጥር 300 መነሣትና 300 መዘጋት አገኘሁ። ወደ መጋዘኑ ወስጄ ከኃላፊው ጋር ቆመን ሶኬቱን ከግድግዳ ነቀልነው፤ ባትሪው ደክሞ ቦርዱ እስኪዘጋ ጠብቀን መልሰን ሰካነው፤ ሳጥኑ ተነሥቶ ያቆመበትን መስመር ተከትሎ መጻፍ ሲጀምር ኃላፊው ሰዓቱን በእጃቸው መዝገባቸው ላይ አሰፈሩ።

አሁን የማነበው በዚያው ቦርድ ላይ ያለውን የእርጥበት ሴንሰር ድራይቨር ነው። የጻፈው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ታይመርም የሥራ ወረፋም አለው፤ በመንቀያው ፈንክሽን ውስጥም፣ ታይመሩ ከተሰረዘ በኋላ፣ 20 ሚሊሰከንድ የሚያስተኛ መስመር አይቻለሁ።